የሦስት ቅዳሜ ዕቅድ፦ ወንጀል የሚያነፈንፉ ሴቶች በመጽሐፍና በፊልም

ጸሐፊ፦ ሰላም ቤተሰብ። ለሥራ አመራሩ የምናስገባው ዕቅድ እስከ ዓርብ ማለቅ አለበት። ረቂቁ «ፖሊስ ሳይሆኑ ወንጀል የሚያነፈንፉ ሴቶች» የሚል ነው፤ አራት ቅዳሜ፣ አራት የድሮ ፊልም። ማሻሻያ ያላችሁ እዚሁ ጻፉ። በውስጥ አትላኩልኝ፣ ባለፈው ግማሹ ጠፍቶብኛል።

ገንዘብ ያዥ፦ የአዳራሹ ብር ለሦስት ቅዳሜ ብቻ ነው የሚበቃው። አንዱን ቀንሱ።

የፒያሳ ልጅ፦ እሺ ጋሼ። ከሚስ ማርፕል እንጀምር፣ የአጋታ ክሪስቲ ልቦለዶች ውስጥ ወንጀል ከምታወጣው አሮጊት። በ1961 (በፈረንጅ ነው) ማርጋሬት ራዘርፎርድ የሠራችበት «መርደር ሺ ሴድ» ያስቃል፣ እኔን ግን ያናድደኛል። ፊልሙ በተሠራበት፣ ክሪስቲ በ1957 ባወጣችው መጽሐፍ፣ ጎን ለጎን በሚሄድ ባቡር ውስጥ ሴት ስትታነቅ የምታየው የማርፕል ጓደኛ ናት። ሬሳው አለበት ተብሎ የተጠረጠረው ትልቅ ቤት ተቀጥራ ገብታ ሬሳውን የምታፈላልገው ደግሞ ሉሲ የምትባል ወጣት። ማርፕል አርጅታለች፣ ቁጭ ብላ ታስባለች። ፊልሙ ሁለቱን ሰርዞ ሥራውን በሙሉ ለእሷ አሸከማት። የሦስት ሴቶች ሥራ ነበር እኮ!

ቡና በጨው፦ አታካብድ። ክሪስቲ ራሷ በ1962 አንዱን መጽሐፏን ለራዘርፎርድ አበርክታለች። ደግሞ በዚያው ፊልም ውስጥ ብቅ የምትለውን የቤት ሠራተኛ ልብ ብለሃል? ጆአን ሂክሰን ናት። ከ1984 ጀምሮ በቢቢሲ ማርፕልን የሠራችው እሷው! ይሄን ለማሳየት ብቻ ፊልሙን እመርጣለሁ።

የፒያሳ ልጅ፦ እሱን አላየሁም። እሺ፣ ይግባ። መጽሐፉን ግን ቀድመን እናንብብ።

ጸሐፊ፦ የዕቅዳችን ርዕስ አልጣመኝም። በፊልሙ ማርፕል አየሁ ስትል ትኬት ቆራጩ ልቦለድ ስታነብ አግኝቷት ሕልም ነው ብሎ ያልፋታል። በ1938 «ዘ ሌዲ ቫኒሽስ» ላይም ያው ነው። ባቡር ላይ አንዲት አሮጊት ከአንዲት ልጅ ጋር ስታወራ፣ በባቡሩ ጩኸት ስሟ አልሰማ ሲል በጣቷ መስኮቱ ላይ «ፍሮይ» ብላ ትጽፋለች። ከዚያ አሮጊቷ ትጠፋለች። ልጅቷ ብትጠይቅ፣ ብትለምን፣ ባቡሩ ሙሉ አላየንም ይላታል፤ ጭንቅላትሽን ስለተመታሽ ነው ይሏታል። በኋላ ጽሑፉን መስኮቱ ላይ ስታገኘው ለሌላ ሰው ሳታሳይ ይጠፋል። ስለዚህ ርዕሱ «አየሁ ብላ ያልታመነች» ቢሆንስ?

ቡና በጨው፦ በቃ ይሄ ነው! እንግዲያው ሦስተኛው «ሪር ዊንዶው» ነው፣ 1954። ማዶ ያለው ጎረቤት ሚስቱን ገድሏል ተብሎ ተጠርጥሯል፤ ሚስቱ ግን መንገድ ሄዳለች ይባላል። ግሬስ ኬሊ ሴት ልጅ የሠርግ ቀለበቷንና የምትወደውን ቦርሳ ጥላ መንገድ አትሄድም ስትል፣ መርማሪው ፖሊስ የሴት ወሬ አድርጎ ያጣጥልባታል። የኛ እናቶች በቡና ላይ የሚያወጡት ዓይነት ማስረጃ እኮ ነው። ከዚያ የተጠርጣሪው ቤት ገብታ የሚስቱን ቀለበት በራሷ ጣት ታጠልቃለች። እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ማዶ ላለው ጓደኛዋ ስትጠቁም፣ ገዳዩ አያትና ቀና ብሎ ወደ ማዶ ያያል። እኔ እዚያ ጋ ሁሌ እጮኻለሁ።

የፒያሳ ልጅ፦ በ1943 «ሻዶው ኦፍ ኤ ዳውት» ላይም ቀለበት አለ። አጎቷ ለአንዲት ልጅ በሰጣት ቀለበት ላይ የሌላ ሰው ስም መነሻ ፊደል ተቀርጿል። አይግባም?

ጸሐፊ፦ ደስ ይላል ግን ከርዕሱ ወጣ። ልጅቷ አጎቷ ገዳይ መሆኑን ለእናቷ ብላ ዋጠችው እንጂ አላመኗትም አይባልም። ተጠባባቂ ትሁን።

ገንዘብ ያዥ፦ ልጆች፣ የአማርኛ ሰብታይትል የለም። ያልገባው ሰው ተነሥቶ ነው የሚሄደው፣ ኪራዩ ግን ይከፈላል።

ጸሐፊ፦ እውነት ነው ጋሼ። ከፊልሙ በፊት አሥር ደቂቃ በአማርኛ ታሪኩ ይነገር፣ ገዳዩ ሳይጠቀስ። ዕቅዱ ላይ ጨመርኩት። የማርፕል መጽሐፍ ማን ጋ ነው?

ቡና በጨው፦ እኔ ጋ። የመጨረሻዎቹ ገጾች ተገንጥለዋል፣ ገዳዩን ቅዳሜ ከፊልሙ ታዩታላችሁ።