ከቨርጂኒያ ወደ ፎርት ሁድ መዛወር፦ ቤተሰቡ አብሮ ይሂድ ወይስ ባለቤቴ ይቅደም?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ አሌክሳንድሪያ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ውስጥ ሰርጀንት ነው። እስካሁን በቨርጂኒያው የጦር ሰፈር በፎርት ቤልቮር ሲያገለግል ቆይቶ በቅርቡ ወደ ቴክሳስ፣ ፎርት ሁድ እንዲዛወር ትእዛዝ ወጥቶለታል፤ በጁላይ አጋማሽም አዲሱ ክፍሉ ዘንድ ሪፖርት ማድረግ ይጠበቅበታል። ከተጋባን ወዲህ የመጀመሪያችን ዝውውር በመሆኑ ከየት እንደምንጀምር ግራ ገብቶናል።

የምንኖረው በተከራየነው አፓርታማ ሲሆን ውሉ የሚያበቃው በሚቀጥለው ጃንዋሪ ነው። እኔ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ኤል ፒ ኤን በሚባለው የነርስነት ፈቃድ እሠራለሁ። ትልቁ ልጃችን ሁለተኛ ክፍልን እየጨረሰ ነው፤ የንግግር ችግር ስላለበት ትምህርት ቤቱ አይ ኢ ፒ በሚባለው፣ ለልጁ በተዘጋጀ የግል የትምህርት ዕቅድ መሠረት ልዩ ድጋፍ ይሰጠዋል። ትንሿ ሴፕቴምበር 15 ቀን አምስት ዓመት ይሞላታል፤ ዘንድሮ ኪንደርጋርተን ልናስገባት ተዘጋጅተን ነበር። የባለቤቴ እናትም ከእኛ ጋር ናቸው። ልጃቸው ስፖንሰር ሆኖ በግሪን ካርድ ያመጣቸው ሲሆን የስኳር ሕመም አለባቸው፤ የጤና መድናቸውንም የግዛቱ የመድን መገበያያ በሆነው በቨርጂኒያ ማርኬትፕሌስ በኩል ገዝተንላቸዋል። የእኔ የዜግነት ማመልከቻ ደግሞ ገና መልስ አላገኘም።

ዘመዶቻችን «እሱ ቀድሞ ይሂድና ቤት ይያዝ፤ አንቺ ልጆቹንና እማማን ይዘሽ ውሉ እስኪያልቅ እዚሁ ቆዪ» ይሉኛል። ሥራዬንና የለመድነውን ሐኪም ሳስብ ምክራቸው ልክ ይመስለኛል፤ ልጆቹ ያን ያህል ጊዜ ከአባታቸው ተለይተው መክረማቸውን ሳስብ ግን ልቤ እሺ አይለኝም። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ወንድሞችና እህቶች ብትመክሩኝ ታላቅ ውለታ ነው።

መልስ፦ ጡረተኛ ሰርጀንት፣ ሳን አንቶኒዮ

እህቴ፣ ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። በአገልግሎት ዘመኔ በትራንስፖርት ክፍል ስለሠራሁ ብዙ ቤተሰብ ሲዛወር በቅርብ አይቻለሁ፤ ስለዚህ አስተያየቴን ሳልሸሽግ እነግርዎታለሁ፦ አብራችሁ ሂዱ።

ይህን የምለው ስለ ልጆቹ ብቻ ብዬ አይደለም። ቢ ኤ ኤች የሚባለው የቤት አበል የሚሰላው ቤተሰቡ በሚኖርበት ቦታ ሳይሆን ወታደሩ በተመደበበት ጣቢያ ዚፕ ኮድ፣ በማዕረጉና የሚያስተዳድረው ቤተሰብ ያለው በመሆኑ ነው። ባለቤትዎ ፎርት ሁድ ደርሶ ከተመዘገበ በኋላ አበሉ ከሰፈሩ አጠገብ ባለችው በኪሊን ከተማ አካባቢ የሚከፈለው መጠን ይሆናል፤ ይህ ደግሞ አሁን ባላችሁበት በዋሽንግተን ዙሪያ ከሚከፈለው በእጅጉ ያነሰ ነው። እርስዎ አሌክሳንድሪያ ከቆዩ የአሌክሳንድሪያን ኪራይ በኪሊን አበል ልትከፍሉ ነው፤ እሱም በበኩሉ እዚያ የሚያድርበት ቤት ይፈልጋል። ቤተሰቡ ባለበት ቦታ መጠን እንዲከፈል የሚጠየቅበት ልዩ ፈቃድ መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን በቂ ምክንያት ቀርቦ መጽደቅ ያለበት ጉዳይ ስለሆነ «ይፈቀድልናል» በሚል ግምት ዕቅድ ማውጣት አይገባም።

የኪራይ ውሉ ጉዳይ አያስጨንቃችሁ። ኤስ ሲ አር ኤ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የፌደራል ሕግ የዝውውር ትእዛዝ የደረሰው ወታደር የመኖሪያ ቤት ውሉን ያለ ቅጣት እንዲያቋርጥ ይፈቅድለታል፤ እርስዎም በውሉ ላይ ፈርመው ከሆነ የእርስዎም ግዴታ አብሮ ይቀራል። የሚፈለገው የጽሑፍ ማስታወቂያና የትእዛዙ ቅጂ ነው። ማስታወቂያው ለአከራዩ ከደረሰ በኋላ ከሚመጣው የኪራይ መክፈያ ቀን ጀምሮ 30 ቀን ሲቆጠር ውሉ ያበቃል። ኪራይ የምትከፍሉት ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ከሆነ፣ ሜይ ሳያልቅ ያስታወቀ ሰው ጁላይ መግቢያ ላይ ነጻ ሲሆን፣ ጁን 10 ላይ ያስታወቀ ግን እስከ ጁላይ መጨረሻ ይከፍላል። ስለዚህ የጥቂት ቀናት መዘግየት የአንድ ወር ኪራይ ማለት ነው። አከራዩ ቅጣት ከጠየቀ በቃል ከመከራከር ይልቅ በጦር ሰፈሩ ወዳለው የሕግ ድጋፍ ቢሮ ሂዱ፤ አገልግሎቱ ያለ ክፍያ ነው።

ዕቃን በተመለከተ፣ ቤተሰብ ያለው ሰርጀንት እስከ 9,000 ፓውንድ ድረስ በመንግሥት ወጪ ያስጭናል፤ ከዚያ በላይ የሆነውን ከደመወዙ ይቆርጡበታል። በበጋ የሚዛወረው ሕዝብ ብዙ ስለሆነ የመጫኛ ቀን በጊዜ ካልተያዘ የሚገኘው የተረፈው ቀን ነው። ራሳችሁ ብትጭኑ መንግሥት ለአጓጓዡ ሊከፍል የነበረውን ያህል ገንዘብ ይከፍላችኋል፤ ለዚህም መኪናው ባዶውንና ተጭኖ የተመዘነበት ደረሰኝ የግድ ያስፈልጋል። ሆኖም ሁለት ልጆችና አንዲት እናት ይዞ ከቨርጂኒያ ቴክሳስ የጭነት መኪና መንዳትን ለመጀመሪያ ዝውውር አልመክርም።

ሠራተኞቹ ዕቃ በሚያሽጉበት ቀን ከመካከላችሁ አንዳችሁ ከመዝገቡ አጠገብ አትለዩ። በዕቃ ዝርዝሩ ላይ «ሲ ፒ» ከተጻፈ ያሸገው ድርጅቱ ነው፤ «ፒ ቢ ኦ» ከተጻፈ ያሸጋችሁት እናንተ ናችሁ ማለት ስለሆነ፣ ውስጡ ያለው ቢሰበርና ካርቶኑ ከውጭ ምንም ካልሆነ ድርጅቱ ኃላፊነቱን ለማስተባበል ይመቸዋል። ስለዚህ ጀበናውንና ሲኒውን እነሱ ይጠቅልሉት፤ እናንተ ያሸጋችሁትንም አስከፍታችሁ እንደገና አሽጉልን በሉ። ሶፋው ላይ የሌለ ጭረት «ነበረ» ተብሎ ሲመዘገብ ካያችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ተቃውሟችሁን እዚያው ወረቀት ላይ ጻፉ። ለቡና የምታቀጣጥሉት ከሰል፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ በረኪናና የሚበላሽ ምግብ አይጫንም። ወርቅ፣ ፓስፖርት፣ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት ከእጃችሁ አይውጡ። ዕቃው ከደረሰ በኋላ የጠፋውንና የተሰበረውን በ180 ቀን ውስጥ ማሳወቅ፣ ሙሉ የመተኪያ ዋጋውን ለማግኘት ደግሞ የካሳ ጥያቄውን በ9 ወር ውስጥ ማቅረብ ይኖርባችኋል።

መልስ፦ የሃርከር ሃይትስ እናት

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። እኔም ባለቤቴን ተከትዬ የመጣሁ ነኝ፤ ወንድማችን ባሉት እስማማለሁ፤ የምጨምረው ስለ ልጆቹና ስለ ቤት ነው።

የትንሿ ልጅሽ ጉዳይ ከሁሉም ይልቅ አሳስቦኛል፤ ምክንያቱም በሁለቱ ግዛቶች የመቁረጫው ቀን የተለያየ ነው። ቨርጂኒያ እስከ ሴፕቴምበር 30 አምስት ዓመት የሚሞላውን ልጅ ኪንደርጋርተን ስትቀበል፣ ቴክሳስ ግን ሴፕቴምበር 1 ላይ አምስት የሞላውን ብቻ ነው የምትቀበለው። ሁሉም ግዛቶች የተቀበሉት የወታደር ልጆች የትምህርት ስምምነት አንድ ልጅ በመጣበት ግዛት የጀመረውን ክፍል ዕድሜው ሳይጠየቅ እንዲቀጥል ያደርጋል፤ ነገር ግን ይህ የሚሠራው ልጁ ክፍሉን በእውነት ጀምሮ ከሆነ ነው። የእናንተ ልጅ በጁላይ ስለምትመጣ አልጀመረችም፤ ስለዚህ ዘንድሮ ኪንደርጋርተን ትገባለች ብለሽ አትንገሪያት። በዚህ አትዘኚ፤ ቴክሳስ በሥራ ላይ ላለ ወታደር ልጅ፣ ሴፕቴምበር 1 ላይ አራት ዓመት ከሞላው፣ ቅድመ ኪንደርጋርተንን በነጻ ትሰጣለች። አንድ ዓመት በዚያ ቆይታ ፊደሏንና ቁጥሯን አጠናክራ ብትገባ እኔ በበኩሌ ጉዳት አይታየኝም።

ለትልቁ ልጅሽ የአይ ኢ ፒውን ሙሉ ቅጂ፣ የመጨረሻውን የግምገማ ውጤትና የንግግር ባለሙያውን ማስታወሻ በእጅሽ ይዘሽ ነይ፤ «ትምህርት ቤቱ ይልከዋል» ተብሎ የቀረ ወረቀት መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። አዲሱ ትምህርት ቤት የራሱን ዕቅድ እስኪያወጣ ድረስ ተመጣጣኝ የሆነ ድጋፍ የመስጠት ግዴታ በፌደራል ሕግ ስላለበት፣ «መጀመሪያ እኛ እንመርምረው» ብለው ድጋፉን ቢያቋርጡት ዝም አትበዪ። የክትባት ወረቀት የጎደለ እንደሆነ ስምምነቱ 30 ቀን ይሰጣል። ባለቤትሽ ልጁን ኢ ኤፍ ኤም ፒ በሚባለው የሠራዊቱ ፕሮግራም ማስመዝገቡንም አሁኑኑ አረጋግጪ፤ ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልገው የቤተሰብ አባል ላለው ወታደር ምዝገባው ግዴታ ነው። በጦር ሰፈሩ የትምህርት ቤት አገናኝ መኮንን አለ፤ ከመነሳትሽ በፊት ብትጽፊለት ከኪሊን የትምህርት አስተዳደር ጋር ያገናኝሻል።

ስለ ቤት ደግሞ፣ በአካል ሳታዩት ውል አትፈርሙ። በሥዕል ያማረ ቤት ከጦር ሰፈሩ ዋና በር ምን ያህል እንደሚርቅ፣ በነሐሴ ሙቀት ማቀዝቀዣው ይችል እንደሆነ፣ እማማ ያለ ደረጃ የሚገቡበት መኝታ ቤት መኖሩን ሥዕሉ አይናገርም። ለተወሰኑ ቀናት የጊዜያዊ ማረፊያ ወጪ ስለሚሸፈን ያንን ጊዜ ለፍለጋው ተጠቀሙበት፤ ከግቢው ውጪ ከመከራየታችሁም በፊት የቤቶች አገልግሎት ቢሮውን አነጋግሩ። ኪሊንና ኮፐራስ ኮቭ ለሰፈሩ ይቀርባሉ፤ ሃርከር ሃይትስ ትንሽ ይወደዳል፤ የአንቺ ሥራ ሆስፒታል ከሆነ ግን ቤልተንና ቴምፕልንም ተመልከቺ።

አብሮ የሚያስቀድስ፣ ሐዘንና ደስታ የሚካፈል ሰው እንደ አሌክሳንድሪያ በየመንገዱ አታገኚም። ኦስቲን ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ዳላስ ደግሞ ወደ 150 ማይል ይርቃል። ይህን አስቀድመሽ ለእማማ ንገሪያቸው፤ ለእኛ ለወጣቶቹ ሥራና ልጅ ሲያባክነን ቀኑ ይመሻል፤ ለእሳቸው ግን ጎረቤት የሌለበት ቀን ረጅም ነው። በዓልን አስታከን ቤተሰቦች በተራ እንጠራራለን፤ እናንተንም በደስታ እንቀበላለን።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቢ ኤ ኤችን ነገር ጨርሶ አላሰብነውም ነበር፤ ዛሬ ማታ ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን አብረን ለመሄድ ወስነናል። የቀረኝ የአማቴና የእኔ ወረቀት ነው። የእሳቸው ጉዞ በትእዛዙ ይሸፈናል? መድናቸውስ ቴክሳስ ይሠራል?

መልስ፦ ቅጽ በመሙላት የሚረዳ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

በቅድሚያ ስለ እናታችን ጉዞ። ወላጅ በወታደሩ ሥር እንደሚተዳደር ቤተሰብ የሚቆጠረው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የኑሮ ወጪውን ልጁ እንደሚሸፍን በሰነድ ተረጋግጦ ሲፈቀድለት ብቻ ነው፤ አብሮ መኖር ብቻውን አይበቃም። ፈቃዱ ትእዛዙ ተፈጻሚ ከሚሆንበት ቀን በፊት ካልተገኘ ጉዞአቸው አይሸፈንም። ስለዚህ ባለቤትዎ ማመልከቻ አቅርቦ እንደሆነና የእናቱ ስም ትእዛዙ ላይ መኖሩን ይመልከት። ከሌለ ቲኬታቸውን ራሳችሁ ለመግዛት ተዘጋጁ። ቢፈቀድላቸውም እንኳ እንደ እርስዎና እንደ ልጆቹ ትራይኬር የሚባለውን የወታደር ቤተሰብ የጤና መድን አያገኙም።

ይህም ወደ መድኑ ያመጣናል። በቨርጂኒያ ማርኬትፕሌስ የተገዛ መድን ወደ ቴክሳስ አይሻገርም። ቴክሳስ የምትጠቀመው የፌደራሉን ገበያ ስለሆነ አዲስ ማመልከቻ ያስፈልጋል፤ ቋሚ መኖሪያ መቀየር ከተለመደው የምዝገባ ወቅት ውጪ 60 ቀን ይሰጣል። ነገር ግን ይህ ዕድል የሚገኘው ከመዛወሩ በፊት መድን ለነበረው ሰው ስለሆነ የቨርጂኒያውን ቀድማችሁ አትሰርዙ። አዲሱ መድን ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በተከታዩ ወር መጀመሪያ በመሆኑ፣ ኢንሱሊን ወይም ሌላ የዘወትር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪማቸው ከመነሳታችሁ በፊት በቂ እንዲያዝላቸው ጠይቁ፤ እግረ መንገዳችሁንም የሕክምና መዝገባቸውን ቅጂ ተቀበሉ። የእናንተን ትራይኬር በተመለከተ ቨርጂኒያ በምሥራቁ ክልል፣ ቴክሳስ ደግሞ ከ2025 ጀምሮ በምዕራቡ ክልል ስለሆነች ከደረሳችሁ በኋላ ምዝገባውን አዛውሩ እንጂ ከመነሳታችሁ በፊት አታቋርጡት።

አሁን ወደ ኢሚግሬሽኑ። ዜጋ ያልሆነ ሰው አድራሻ በቀየረ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ አለበት፤ ይህ እርስዎንም እናታችንንም ይመለከታል። ስፖንሰር የሆነው ልጃቸው ደግሞ የራሱን አድራሻ መቀየር አይ-865 በተባለው ቅጽ በ30 ቀን ውስጥ ያሳውቃል፤ ይህን ቅጽ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። የዜግነት ማመልከቻዎ ላይ ያለው አድራሻ መቀየሩን ለይተው ያረጋግጡ፤ ቃለ መጠይቁ ወደ አዲሱ አካባቢ ቢሮ ስለሚዛወር የቀጠሮው ደብዳቤ አሌክሳንድሪያ ደርሶ እንዳይቀር። የፖስታ ቤት አድራሻ ማስቀየር ይህን ግዴታ አይተካም።

መልስ፦ ነርስ፣ ዳላስ

እኔ የማውቀው ስለ ሥራ ፈቃዱ ነው። ቨርጂኒያም ቴክሳስም የነርሶች የፈቃድ ስምምነት አባላት ስለሆኑ፣ ያለሽ ፈቃድ የበርካታ ግዛቶች ዓይነት ከሆነ ቴክሳስ በገባሽ ማግስት ሥራ መጀመር ትችያለሽ። መኖሪያዬ ቴክሳስ ነው ካልሽ ግን በ60 ቀን ውስጥ ለቴክሳስ ፈቃድ ማመልከት አለብሽ። የወታደር የትዳር ጓደኛ ቨርጂኒያን ሕጋዊ መኖሪያዋ አድርጋ መቆየት የምትችልበት መንገድም ስላለ ከማመልከትሽ በፊት የሚሻልሽን አስቢበት። በዝውውር ምክንያት ፈቃድ ለማውጣት ያወጣሽውን ወጪ እስከ 1,000 ዶላር ድረስ ሠራዊቱ ይመልስልሻል፤ ደረሰኝሽን አስቀምጪ። ሥራ ስትፈልጊ ኤል ቪ ኤን ብለሽ ፈልጊ፤ ቴክሳስ ለኤል ፒ ኤን የምትጠቀመው ስም እሱ ነው። ከአሁኑ አሠሪሽ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ የክትባትና የቲቢ ምርመራ ማስረጃ፣ የሲ ፒ አር ካርድሽንም ቅጂ ከመልቀቅሽ በፊት ተቀበዪ፤ ከለቀቅሽ በኋላ በስልክ ማስላክ ሳምንታት ይወስዳል፤ አዲሱ ቀጣሪሽም እነዚህን ሳያይ ፈረቃ አይሰጥሽም።