የፕላቲኒየም ግዢ የጋራ ረቂቅ፦ በአንቀጽ 3 ላይ አስተያየት ስጡ

ጸሐፊ፦ ከወለጋ ዩብዶ የሚመጣ ፕላቲኒየም በማኅበራችን መዋጮ ለመግዛት የተዘጋጀው ረቂቅ ለሁላችሁም ደርሷል። አንቀጽ 3 «የግዢ ዋጋው የለንደንን የዕለት ዋጋ መሠረት አድርጎ በወቄት ይሰላል» ይላል። አስተያየታችሁን እስከ ዓርብ ጻፉ።

ሒሳብ ያዥ፦ ይህ አንቀጽ እንዳለ ከጸደቀ ገንዘባችን ያልቃል። ለንደን በቀን ሁለት ጊዜ የሚያወጣው ዋጋ 31.1 ግራም ለሚመዝነው ትሮይ አውንስ ሲሆን፣ የእኛ ወቄት ግን 28 ግራም ገደማ ነው። በዚያ ላይ ዋጋው ቢያንስ 99.95 ከመቶ ለጠራ ፕላቲኒየም የሚከፈል እንጂ ከወንዝ አሸዋ ታጥቦ ለሚመጣ፣ ብረትና ሌላም ለተቀላቀለበት ቅንጣት አይደለም። አንድ ሻጭ 75 ከመቶ የጠራ 100 ግራም ቢያመጣ በውስጡ ያለው ፕላቲኒየም 2.4 አውንስ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ በረቂቁ ስሌት 3.6 ወቄት ብለን እንከፍላለን።

የሸዋ በሩ (ደሴ) ወርቅ ነጋዴ፦ አባቶቻችን በወቄት ገዝተው በወቄት ሸጠው ልጅ አሳድገዋል። ወቄት ከረቂቁ ይውጣ ከተባለ የእኔም መዋጮ አብሮ ይውጣ።

ሒሳብ ያዥ፦ ሐጂ፣ ወቄትን የነካ የለም፤ የለንደንን ዋጋ በወቄት ማባዛት አይቻልም ነው ያልኩት።

የኮምቦልቻው አባል፦ በግራም ይጻፍና ይለቅ።

የሸዋ በሩ ወርቅ ነጋዴ፦ እናንተ ኮምቦልቻዎች ሚዛኑም እናንተ ዘንድ ይሁን ስትሉ እንደነበር አልረሳነውም። ግራሙን ያመጣችሁት ለዚያው ነው።

የኮምቦልቻው አባል፦ ስለ ሚዛን ማን አነሣ? ይህን ቃል ካላነሡልኝ በስብሰባው አልገኝም።

የደላንታው አባል፦ ከጠብ በፊት ስሙኝ። ወገል ጤና ላይ ኦፓል ስንገዛ ድንጋዩን ውሃ ውስጥ ነክረን ቀለሙ ሲደበዝዝ፣ ሲደርቅ ደግሞ ሲመለስ እያየን ነው፤ የሚከፈለው ለዓይን ነውና። ፕላቲኒየም ላይ ዓይን አይረዳንም። ከብር በእጥፍ እንደሚከብድና ናይትሪክ አሲድ እንደማይበላው አውቀን ብር አለመሆኑን ብንለይ እንኳ፣ 70 ከመቶ ይሁን 85 ከመቶ የሚነግረን ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ስለዚህ በወቄትም ይጻፍ በግራም፣ «በምርመራ በተረጋገጠው የጠራ መጠን» የሚለው ሐረግ ከሌለ አልፈርምም።

ሒሳብ ያዥ፦ ትክክል ነው፤ የዋጋው ቀንም ይጻፍ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2008 ከ2,000 ዶላር በላይ የነበረው አውንስ ዓመቱ ሳያልቅ ከ1,000 በታች ወርዷል። ውጤት ስንጠብቅ ዋጋው ቢወርድ ኪሳራው የማን እንደሆነ ረቂቁ አይናገርም።

ሰብሳቢ፦ አዲስ አበባ ሄዶ የምርመራውን ክፍያና የሚወስደውን ጊዜ የሚጠይቅ ሰው ይኑር።

የኮምቦልቻው አባል፦ ሰኞ እሄዳለሁ።

የሸዋ በሩ ወርቅ ነጋዴ፦ በቁጣ የተናገርኩትን አንሥቻለሁ። ቢሆንም ግራሙ ከተጻፈ አጠገቡ ወቄቱም ይጻፍ።

ጸሐፊ፦ ሰኞ አልፎ ሐሙስ ሆኗል፤ አዲስ አበባ የሄደውን አባል በስልክም አላገኘሁትም። የላቦራቶሪውን ነገር የሚያውቅ ይጻፍልን።

የደላንታው አባል፦ ያለ ምርመራ ዩብዶ ድረስ ገንዘብ አንልክም። ነገሩ እስኪጣራ ድረስ በመዋጮው ትክክለኛ ሚዛን ይገዛ፤ ለኦፓሉም ይጠቅመናል።

የሸዋ በሩ ወርቅ ነጋዴ፦ ሚዛኑ ደሴ ይቀመጥ እንጂ እስማማለሁ።

ሒሳብ ያዥ፦ የተዋጣው ለፕላቲኒየም ነው። ለሚዛን ይዋል ከተባለ አዲስ ቃለ ጉባኤ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ከባንክ አላወጣም።

ጸሐፊ፦ አንቀጽ 3 በግራም፣ ወቄቱ በቅንፍ ሆኖ፣ «በምርመራ በተረጋገጠው የጠራ መጠን» ተጨምሮበት ተጽፏል። የዋጋው ቀን ባዶ ቦታ ተትቶለታል። የእሑዱ ስብሰባ አጀንዳ የሚዛን ግዢ ነው።