ኔትወርክ መግቢያ፦ ሰብኔቲንግ (ኔትወርክን ወደ ትናንሽ ኔትወርኮች መከፋፈል) ላይ ነጥብ የሚቆረጠው በምንድን ነው?

የአንኮበሯ፦ ደብረ ብርሃን ነው የምማረው፤ ፈተናው ደርሷል። መልሱ ልክ ከሆነ ይበቃል ወይስ ስሌቱም ይታረማል? ላቡስ (የተግባር ፈተናው)?

የመንዙ፦ እንደ መምህሩ ይለያያል፤ ግን እህቴ፣ ስሌቱን ጻፊው። ‹30 ኮምፒውተር ላለው ክፍል› ሲባል ብዙው ሰው ቸኩሎ /27 (የኔትወርኩ መጠን ምልክት) ይላል። /27 32 አድራሻ አለው፤ የኔትወርኩ የራሱና የብሮድካስቱ (ለሁሉም የሚላክበት) አድራሻ ሲነሱ 30 ይቀራል። ኔትወርኮችን የሚያገናኘው የራውተሩስ? 31 ስለሚያስፈልግ መልሱ ቀጥሎ የሚበልጠው /26 ነው፤ ማስኩ (ያው መጠን በሌላ አጻጻፍ) 255.255.255.192። መንገዱን ካሳየሽ መጨረሻ ላይ ብትስቺም ከፊል ነጥብ የሚሰጥ አይጠፋም። መልስ ብቻ ጽፈሽ ከሳትሽ ግን ዜሮ ነው።

የደብረ ሲናው፦ ላቡ ላይ የሚታየው ፒንግ (መሣሪያዎቹ መገናኘታቸውን የሚፈትን መልእክት) ማለፉ ነው። የራውተር ኢንተርፌስ (ገመዱ የሚሰካበት) ሲጀመር ዝግ ስለሆነ የሚከፍተውን ትእዛዝ ‹ኖ ሻትዳውን› አትርሺ። እዚያው ኔትወርክ ውስጥ ፒንግ እያለፈ ወደ ሌላው እምቢ ካለ መጀመሪያ ዲፎልት ጌትዌዩን (ወደ ሌላ ኔትወርክ መውጫ የሆነውን የራውተር አድራሻ) እዪ። የመጀመሪያው ፒንግ ብቻ ቢወድቅ አትደንግጪ፤ ኤአርፒ የሚባለው አሠራር የተቀባዩን መሣሪያ አድራሻ እየፈለገ ነው።

የመንዙ፦ የላቡን ፋይልም ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርጊ፣ መብራት አይታመንም። ራውተሩ ላይ ‹ኮፒ ራኒንግ ኮንፊግ ስታርታፕ ኮንፊግ› (የሠራሽውን ማስቀመጫ ትእዛዝ) ካላልሽ ሲጠፋ ያላስቀመጥሽው ሁሉ ይሰረዛል።

የአንኮበሯ፦ የራውተሩን አድራሻ እኔም አልቆጥረውም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።