የወሊድ መቆጣጠሪያ በነጻ ይቀጥል ወይስ አቅም ያላት ትክፈል?

መምህር ከሽምብጥ

እሑድ በዕድራችን ስብሰባ ላይ የተነሳ ነገር ነው። ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ለእናንተም ላምጣው። ከጤናው መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን «የውጭው ገንዘብ እየደረቀ ነው፤ ከእንግዲህ መክፈል የምትችል ሴት ለወሊድ መቆጣጠሪያ ትክፈል፣ ነጻው ለድሃዋ ይቅር» አሉ። ግማሹ ወንድ አጨበጨበ፣ ግማሹ አጉረመረመ። ሴቶቹ ግን አንድም ቃል አልተነፈሱም።

እኔ ወደ ጎረቤቴ አደላለሁ። በመንግሥት ጤና ጣቢያና ጤና ኬላ የሦስት ወር መርፌውም፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውም፣ ማኅፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፑም፣ ኪኒኑም ያለ ክፍያ ይሰጣል። ዕቃው ግን ለብዙ ዓመታት የተገዛው ባብዛኛው በለጋሾች ገንዘብ ነው። ጥር 2017 ዓ.ም. ላይ አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን አስቆመች፤ በዚያው ዓመት ሰኔ 24 የዕርዳታ ድርጅቷ ዩኤስኤአይዲ ራሱ ተዘጋ። ዋሽንግተን ላይ በተፈረመ ወረቀት ሜጫ ያለች ሴት መርፌዋን የምታጣ ከሆነ፣ አገልግሎቱን የራሳችን ነው ማለት እንዴት እንችላለን? ጥቂት ጥቂት እያዋጣን ብንይዘው አይሻልም ወይ? እስቲ ተከራከሩኝ።

ሲስተር አዋላጅ

መምህር፣ ሴቶቹ ለምን ዝም እንዳሉ ልንገርዎት።

እኔ ክፍል የምትገባው ሴት ሁሉ ባሏ ያውቃል ማለት አይደለም። አንዷ ልጅ ልታስከትብ ነው ብላ ትወጣለች። ሌላዋ የገበያ ቀን ጠብቃ፣ ዘንቢሏን በር ላይ አስቀምጣ ትገባለች። የቀጠሮ ካርዷን ቤቷ ይዛ መግባት ስለማትችል እኔ መሳቢያ ውስጥ የሚያድር ሞልቷል። ብዙዎቹ መርፌን የሚመርጡትም ለዚህ ነው። ክንድ ላይ ያለው በእጅ ይዳሰሳል፣ ኪኒኑ ከትራስ ሥር ይገኛል፣ መርፌ ግን ተወግታ ከወጣች በኋላ ምልክት የለውም።

አሁን «መክፈል የምትችል ትክፈል» ሲባል ማንን ነው? ባለ ሁለት ጥማድ በሬ ገበሬ ሚስት ቀበሌ መዝገብ ላይ ሀብታም ናት። እጇ ላይ ያለው ግን የዕንቁላልና የጌሾ ገንዘብ ነው፣ እሱንም ጨውና በርበሬ ይጨርሰዋል። ሃያ ብርም ቢሆን ስትጠይቅ «ለምኑ?» ትባላለች። የምትፈራው ሃያውን ብር ሳይሆን ጥያቄውን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአገራችን ካገቡ ሴቶች የወሊድ መቆጣጠሪያ ይጠቀሙ የነበሩት 8 በመቶ ነበሩ። በ2016ቱ ጥናት 36 በመቶ ደረሱ። የእኛ የአማራ ክልል ደግሞ 47 በመቶ ሆኖ ከአገሪቱ አማካይ በላይ ነበር። በዚህ መሀል የሴቶቹ ኪስ አልሞላም። የመጣው ለውጥ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መመደባቸውና አገልግሎቱ ደጃፍ መድረሱ ነው፣ ያለ ክፍያ። ደጃፍ ያደረስነውን ነገር ገንዘብ ተቀባይ መስኮት ላይ ልናስቀረው ነው?

ፋርማሲስት

ሲስተር ያለችው እውነት ነው። እኔ ደግሞ ከመደርደሪያው ወዲህ ሆኜ የማየውን ልናገር።

ዘንድሮ ሴቶች «መርፌው አልቋል» ተብለው ወደ እኔ የመጡበት ጊዜ አንድና ሁለት አይደለም። የመጡት ከፍለዋል። ያልመጡትስ? መርፌው የሚሠራው ለሦስት ወር ነው፣ ዕቃ እስኪገባ ማኅፀን አይጠብቅም። ከዚያ በኋላ ከመካከላቸው አንዳንዷ ከግንኙነት በኋላ የሚወሰደውን ፖስት ፒል ፈልጋ ተመልሳ ትመጣለች፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ። ሌላዋ ምን እንደምትፈልግ አፍ አውጥታ ሳትናገር ፊቷን አይቼ አውቃለሁ። ባዶ መደርደሪያ ላይ «ነጻ» የሚል ጽሑፍ ቢለጠፍ ለእነዚህ ሴቶች ምን ያደርግላቸዋል?

ሕይወት ትረስትና ሴንሴሽን ኮንዶም ስንት ዓመት በድጎማ ዋጋ በየሱቁ ሲሸጥ ኖሯል። የከተማው ሰው ይገዛል፣ ማንም አልሞተም። መርፌውንም በዚያ መንገድ ከተማ ላይ ብንጀምር፣ ገጠሩን ሳንነካ?

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ

«ከተማ» ያልከው ማንን ነው ወንድሜ? የባሕር ዳር ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራዋ ልጅ ከተማ ናት። ቡና ቤት የምታስተናግደዋ ከተማ ናት። ከገጠር መጥታ ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው የሚማሩት የእኔ ጓደኞች ከተማ ናቸው። እኛ ከአስፋልቱ ዳር ስለምንኖር ገንዘብ አለን ማለት አይደለም። ኮንዶም የሚገዛው ደግሞ ባብዛኛው ወንድ ነው፤ የሚገዛውም ሲፈልግ ነው። እኛ ግን በየሦስት ወሩ ግድ ነው፣ ብንፈልግም ባንፈልግም ቀኑ ይመጣል።

የበጀት ሠራተኛ

ቁጥር ውስጥ ስለምውል በቁጥር ልግባ።

መርፌውም ክንድ ላይ የሚቀበረውም ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ግዥው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ በወራት ውስጥ አቅሙ ከግማሽ በታች ወርዷል። ከሴቷ የምንሰበስበው ሃያና ሠላሳ ብር የመርፌውን ዋጋ አይመልስም። ጤና ኬላ ላይ ደግሞ ገንዘብ ተቀባይ የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ ካዝና የለም። እነዚህን ስታሟላ፣ ማን ድሃ ማን ሀብታም እንደሆነ የሚለይ ኮሚቴ ስታቋቁም፣ የሰበሰብከው እዚያው ያልቃል። ስለዚህ መምህር፣ ሴቷን ማስከፈል ከዕርዳታ ነጻ አያወጣንም። ተጠቃሚውን ቀንሶ ጥገኝነቱን እንዳለ ይተወዋል።

እኔ የማየው ሌላ በር ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዱ እዚሁ ጣና ዳር ያለው ፎገራ ነበር። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣል፣ ሲታመም ካርዱን ይዞ ይሄዳል። የቤተሰብ ምጣኔ ቀድሞም ክፍያ የማይጠየቅበት ስለሆነ መድኑ ለእሱ ለጤና ጣቢያው ምንም አይከፍልም። ለምን አይከፍልም? ሴቷ በነጻ ትገልገል፣ ጤና ጣቢያው ግን ለሰጠው አገልግሎት ከመድኑ ገንዘብ ያግኝ።

ሲስተር አዋላጅ

መድኑም በአባወራው ስም ነው እኮ። መዋጮውን የሚከፍለውም የማይከፍለውም እሱ ነው።

የበጀት ሠራተኛ

ልክ ነሽ። ግን ካርዱን ይዛ ስትወጣ ለምን እንደምትሄድ ካርዱ ላይ አልተጻፈም። ራሷን አሟት ሊሆን ይችላል። አንቺ መሳቢያ ውስጥ የምትደብቂላትን ነገር ያ ካርድ ይሸፍንላታል።

ሲስተር አዋላጅ

ይህን በዚህ በኩል አስቤው አላውቅም። እውነት ነው፣ በመድን ካርድ የምትመጣ ሴት «ወዴት?» አትባልም። ግን ተማሪዋ የጠቀሰቻቸው ልጆች በማን ካርድ ይግቡ? ያላገባችው፣ ቤተሰቧን ትታ የመጣችው? መድን ብቻውን አይበቃም፣ መንግሥት ከካዝናው የሚገዛው መኖር አለበት።

የሰበካው ቀሲስ

ልጆቼ፣ ሳነብ ቆይቻለሁ። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ የማስተምረው ይታወቃል፤ በአጽዋማት መታቀብን፣ ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን ነው። አገልግሎቱ ይዘጋ አልልም፣ ጓዳዋን የምታውቀው እሷ ናት። ነገር ግን ከገበሬው መዋጮና ግብር ይገዛ ስትሉ፣ ሕሊናው የማይፈቅድለትን ሰው ማን ጠየቀው? የውጭ ሰው በገንዘቡ ሲያመጣው ሕዝቡ ዝም ብሏል። በራሱ ገንዘብ ሲሆን ግን መጠየቅ መብቱ ነው። ይህን ሳትነጋገሩ ብትወስኑ ነገ መዋጮው ራሱ ይቀራል።

ሲስተር አዋላጅ

ቀሲስ፣ ይፍቱኝ፣ ደፍሬ ልመልስ። ሕዝቡ መጠየቅ አለበት፣ በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ሲጠየቅ ግን አብሮ መነገር ያለበት ነገር አለ። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የሐምሊን የፌስቱላ ማዕከል አለ። እዚያ የሚታከሙት ምጥ ለቀናት ይዟቸው፣ ልጁ አልወጣ ብሎ ሆዳቸው ውስጥ ሞቶ፣ ሽንት የማይቋጥሩ ሆነው የቀሩ ናቸው። ስንቶቹ ዳሌያቸው ሳይሰፋ የተዳሩ ልጆች ናቸው! የሚታከሙትም በነጻ ነው። ይከፍሉ ቢባል ማናቸውም ከቤት አይወጡም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ወሊድ እስከ ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ 24 ወር ይሁን ይላል። እኔ የምሰጠው መርፌ አንዱ ሥራው ይኸው ነው፣ እናትየው ደሟ ሳይመለስ፣ ጡት የሚጠባው ሳይጠግብ ሌላ እንዳይመጣ።

የሰበካው ቀሲስ

በልጅነት መዳሩን ስላነሳሽው፣ በዚያ አንድ ነን። ሕጉ 18 ዓመት ይላል። እኔም ዕድሜዋን ሳላረጋግጥ ተክሊል አልፈጽምም፣ በዚህ ምክንያት የተቀየሙኝ ቤተሰቦች አሉ። የ24 ወሩን ነገር ደግሞ ወንዶቹ ባሉበት ብትነግሪያቸው እወዳለሁ። ከቅዳሴ በኋላ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቦታ እሰጥሻለሁ። ስለ መርፌው አላስተምርም፣ ስለ እናቲቱ ዕረፍት ግን አብሬሽ እቆማለሁ።

የደቅ ልጅ

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ጣና ላይ ያለው ደቅ ደሴት ነው፣ አሁን ባሕር ዳር ጀልባ ላይ ነው የምሠራው። ስለ ክፍያ ስትከራከሩ የእኔ ልብ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

እህቴ ክንዷ ላይ የሦስት ዓመቱን አስቀበረች። ማስቀበሩ በአንድ ጠዋት አለቀ፣ ሳንቲም አላወጣችም። በሁለተኛው ዓመት ደሙ አልቆም ብሎ አስቸገራትና ላስወጣው አለች። የቀበረችላት ልጅ «እኔ ማስገባት እንጂ ማስወጣት አልሠለጠንኩም» አለቻት። ተሻግረን ከተማ ገባን። የተላክንበት ቦታ «የሚያወጣው ባለሙያ ሥልጠና ሄዷል፣ ሰኞ ኑ» አሉን። ሰኞ ስንሄድ «ጊዜው ሳይደርስ ለምን ታስወጫለሽ? ትንሽ ታገሺ» ብለው መለሷት። በሦስተኛው ነው የወጣላት። ለጀልባ፣ ለባጃጅ፣ ለማደሪያ አንድ ጠቦት ሸጠን ነው የተመላለስነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ጣና ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ደም እየፈሰሳት በዚያ ማዕበል ላይ ስትቀመጥ ያየሁትን አልረሳውም።

ከዚያ በኋላ መንደራችን ውስጥ ሴቶቹ «ገብቶ የማይወጣ ነገር» ማለት ጀመሩ። ሊያስቀብሩ ያሰቡትም ቀሩ። እና እኔን ነጻ ነው ወይስ አይደለም ብትሉኝ መልሱ ይቸግረኛል። መግቢያው ነጻ ነበር፣ መውጫው ጠቦት በላ።

ሲስተር አዋላጅ

ወንድሜ፣ እህትህን በእኔም በሙያ ጓደኞቼም ስም ይቅርታ ጠይቅልኝ። የነገርከው ነገር ከመነሻው አብሮት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኢምፕላኖን የተባለውን ክንድ ላይ የሚገባ መቆጣጠሪያ እንዲቀብሩ መሠልጠን ሲጀምሩ፣ ማስገባቱ ለእነሱ፣ ማስወጣቱ ለጤና ጣቢያ ተብሎ ነበር የተከፋፈለው። ያኔ ዓላማው በፍጥነት ብዙ ሴት ጋ መድረስ ነበር፣ ተደርሷልም። ግን ሦስት ዓመት ሲሞላ እነዚያ ሁሉ ክንዶች አንድ ላይ ወደ ጤና ጣቢያ ይመጣሉ። ስብሰባ ላይ እኛ የምንጠየቀው «ስንት አስገባችሁ?» ተብሎ ነው። ስንቷ አስወጡልኝ ብላ ተመለሰች ብሎ የጠየቀኝ አለቃ እስከዛሬ አልገጠመኝም። ማስወጣት ያልቻለች ሴት መርጣ ተጠቅማለች ማለት አይቻልም፣ በዚህ ላይ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

ፋርማሲስት

እኔም አንድ ነገር ልቀበል። ድጎማ ያልኩት ኮንዶም ራሱ ከኋላው የለጋሽ ገንዘብ አለበት፣ ማስታወስ ነበረብኝ። በባዶው መደርደሪያ ላይ ግን አቋሜን አልለውጥም። ነጻ ይሁን ብላችሁ ከወሰናችሁ፣ «የለም» ለተባለችው ሴት ተጠያቂው ማን እንደሆነ አብራችሁ ወስኑ።

መምህር ከሽምብጥ

ስጀምር ወደ ጎረቤቴ አደላለሁ ብዬ ነበር። የሲስተር ሃያ ብር አቋሜን አላላው፣ የበጀት ሠራተኛው የዶላር ሒሳብ ደግሞ ጨረሰው። ሴቷን ማስከፈል ይቅር። የቀሲስን ጥያቄ ግን እንደያዝኩ ነኝ። በራሳችን ገንዘብ ከሆነ በአደባባይ መነጋገር አለብን፣ ሴቶቹም ዝም የማይሉበት ስብሰባ ያስፈልጋል።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚገባ ሰኔ ላይ ምክር ቤቱ ይመክራል። እኔና ጡረተኛው ጎረቤቴ ለወከልነው ሰው ሁለት ጥያቄ በጽሑፍ እንሰጣለን። አንደኛ፦ ለወሊድ መቆጣጠሪያ ግዥ ከክልሉና ከወረዳው ካዝና የተያዘው ስንት ብር ነው፣ በየትኛው የበጀት መደብ? ሁለተኛ፦ በየጤና ጣቢያው ክንድ ላይ የተቀበረውን ማስወጣት የሚችል ሰው በሳምንት ስንት ቀን አለ?

የበጀት ሠራተኛ

የመጀመሪያውን «መድኃኒት ግዥ» በሚለው ሰፊ ስም ውስጥ ደብልቀው ይመልሱላችኋል። ለብቻው ተነጥሎ ይጻፍ በሉ።

የደቅ ልጅ

ሁለተኛው ላይ ደሴቶቹን በስም ጻፉልኝ። «በየጤና ጣቢያው» ከተባለ ውኃው መሀል ያለነውን ማንም አያስታውሰንም። ወረቀቱን ስትጨርሱ ላኩልኝ፣ እህቴ ትፈርማለች።