ክርክር፦ ኒልሰን የግሪግን ሙዚቃ ከ«ፔር ጊንት» ማውጣቱ ልክ ነበር?

መጋረጃ፦ ነገሩን ለማያውቅ፦ ሃንስ ያኮብ ኒልሰን ተዋናይም አዘጋጅም ነበር። ኦስሎ የሚገኘው የዴት ኖርስከ ቴአትሬ ቲያትር ቤት ኃላፊ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የኖርዌያዊውን ደራሲ የኢብሰንን የግጥም ተውኔት «ፔር ጊንት» በኒኖሽክ (ከሁለቱ የኖርዌይኛ የጽሑፍ ቋንቋዎች በአንዱ) ትርጉም አዘጋጀና ዋናውን ገጸ ባሕርይ ፔርን ራሱ ተጫወተው። ከ1876 ጀምሮ ከተውኔቱ ጋር የኖረውን የሙዚቃ ደራሲውን የግሪግን ሙዚቃ ትቶም በሌላ የሙዚቃ ደራሲ፣ በሃራልድ ሴቨሩድ፣ አዲስ አሠራ። እኔ ልክ ነው ባይ ነኝ። ፔር ውሸታምና ከኃላፊነት የሚሸሽ ሰው ነው፤ የግሪግ ዜማ ግን ያሽሞነሙነዋል። የ4ኛው ገቢር መክፈቻ የሆነው «ማለዳ» ሲሰማ ሰው ሁሉ የኖርዌይ ፊዮርድ (በተራሮች መካከል የገባ ጠባብ ባሕር) ይታየዋል። 4ኛው ገቢር የሚከፈተው ሞሮኮ ባሕር ዳርቻ ላይ እኮ ነው!

የዜማ ወገን፦ ሙዚቃውን የጠየቀው ኢብሰን ራሱ ነው። በጥር 1874 ለግሪግ ሲጽፍ፣ 4ኛውን ገቢር ከሞላ ጎደል አውጥተን በሙዚቃ እንተካው እስከማለት ደርሷል። ደራሲው የፈለገውን አዘጋጅ በምን ሥልጣን ይሽራል?

መጋረጃ፦ ግሪግም ቢሆን የትሮሎቹን (በኖርዌይ ተረት የተራራ ጭራቆች ናቸው) ንጉሥ አዳራሽ ሙዚቃ መስማት እንደማይችል፣ የላም እበትና የተጋነነ ኖርዌያዊነት እንደሚሸት ለወዳጁ ጽፏል።

የዜማ ወገን፦ እሱማ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ግሪግ ትሮሎቹን እያሾፈባቸው ነበር። ጥፋቱ የኮንሰርቱ ነው፤ በ1888 በወጣው ስዊት (ለኮንሰርት ተመርጦ በተዘጋጀው የሙዚቃ ስብስብ) ውስጥ መዘምራኑ የሉም። መድረክ ላይ ግን ትሮሎቹ ፔርን «እረዱት!» እያሉ በዚያው ዜማ ይጮኻሉ። መዘምራኑን መልሷቸው፣ ሙዚቃው ይናከሳል።

ስንኝ፦ ሁለታችሁም ቋንቋውን ዘለላችሁት። የመጀመሪያው ስንኝ የእናቱ የኦሰ ጩኸት ነው፤ «ፔር፣ ትዋሻለህ!» ትለዋለች። በኢብሰን ጽሑፍ ግሱ «ሊቨር» ነው፣ ሁለት ቀለም (ክፍለ ቃል)። በኒኖሽክ «ሊግ» ይሆናል፣ አንድ ቀለም። የላላው መጨረሻ ሲቆረጥ ስድቡ እንደ ጥፊ ያርፋል። በሌላ በኩል ያንን መጨረሻ ይዞ ቤት ይመታ የነበረ ስንኝ ሁሉ ይፈርሳልና ተርጓሚው ሌላ ቃል ይፈልጋል። እንዲህ በደረቀ ንግግር ላይ የግሪግን ለስላሳ ዜማ ስትጭኑበት አንዱ ሌላውን ያፈርሰዋል። ስለዚህ የሴቨሩድ ሻካራ ሙዚቃ ለዚህ ትርጉም ተገቢ ነበር፤ ለኢብሰን የራሱ ስንኝ ቢሆን ግን እኔ ግሪግን አላወጣም ነበር።

የዜማ ወገን፦ በዚህስ እስማማለሁ። ኒልሰን ፔርን ራሱ መጫወቱ ላይ ግን አልለቅም። ፔር ከመድረክ የሚወርድበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ መብራቱን፣ የተዋንያኑን አቋቋም፣ ሙዚቃው ንግግሩን መዋጡን ከአዳራሹ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

መጋረጃ፦ በልምምድ ተተኪ ተዋናይ ቦታውን ይቆምለታል፣ እሱ ወርዶ ያያል። የሚያስቸግረው የመጨረሻው ሳምንት ነው፤ ያኔ ሙሉውን ራሱ መጫወት አለበት።