ሚክ ማርስ በዚያ ወገብ ያን ሁሉ ዓመት እንዴት ጊታር ተጫወተ?

የኮዬው ጊታሪስት
ሰላም ቤተሰብ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ቀን ሥራ፣ ማታ ጊታር። ጠዋት ስነሳ ወገቤ ድርቅ ይላል፣ ተንቀሳቀስ ተንቀሳቀስ ስል ነው የሚለቀኝ። "ብርድ መትቶህ ነው" ሲሉኝ ከርመው በቅርቡ ሐኪም አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይትስ ነው አለኝ፤ የአከርካሪ መገጣጠሚያ እየተቆጣ ወገብ የሚያደርቅ በሽታ ነው። ስለ በሽታው ሳነብ የአሜሪካው ሮክ ባንድ የሞትሊ ክሩው ጊታሪስት ሚክ ማርስም እንዳለበት አየሁ። እንዴት ቻለው? ቤት ውስጥ ጊታሩን ሽጠው እየተባልኩ ነው። ታሪኩን የምታውቁ እውነቱን ንገሩኝ።

ካሴት ሰብሳቢ
ወንድሜ፣ እግዜር ይማርህ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ሚክ በ1951 ኢንዲያና ተወልዶ ካሊፎርኒያ ነው ያደገው። ሕመሙ ገና በአፍላነቱ ዳሌው ላይ ጀመረው። ለዓመታት በየክለቡ የሰው ዘፈን ሲጫወት ኖሮ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አወጣ፤ ጩኸታም፣ ስድና ኃይለኛ ጊታሪስት አለ የሚል። ማስታወቂያውን አይተው ነው የባንዱ ልጆች ኒኪ ሲክስና ቶሚ ሊ ያገኙት። ባንዱ በ1981 ሲመሠረት እሱ ወደ 30 ተጠግቷል፣ ሌሎቹ ልጆች ናቸው። ስሙንም ያወጣላቸው እሱ ነው።

አጨዋወቱን ልብ ብለህ ስማው። በዚያ ዘመን ፀጉሩን በስፕሬይ ያቆመ የግላም ሜታል ጊታሪስት ሁሉ ፍጥነት ሲያሳድድ ሚክ ሥሩ ብሉዝ ነበር፤ ከባድ ሪፍ (እየተደጋገመ የሚመጣ የጊታር ሐረግ)፣ ስላይድ (ክሩ ላይ ቱቦ እያንሸራተቱ መጫወት)፣ አንድ ኖታ ይዞ ማስጮህ። ጊታሮቹ ብዙ ጊዜ አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ብለው ነው የሚቃኙት። ክሩ ይላላል፣ ድምፁም ይወፍራል። የ1983ቱን "ሻውት አት ዘ ዴቭል" አልበም ስትሰማ ያ ክብደት ከየት እንደመጣ ይገባሃል። በ1989 "ዶክተር ፊልጉድ" አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጣ። እዚያው አልበም ላይ "ኪክስታርት ማይ ሃርት" መጨረሻ አካባቢ ጊታሩ እንደ ሰው አፍ አውጥቶ ሲናገር ትሰማለህ፤ ቶክ ቦክስ ነው፣ የጊታሩ ድምፅ በቱቦ አፉ ውስጥ ገብቶ በከንፈሩ ነው የሚቀረጸው። ለዚህ ሁሉ መድረክ ላይ መዝለል አላስፈለገውም። ሌሎቹ ይሮጣሉ፣ እሱ ቆሞ ይጫወታል።

በ2004 ዳሌው በቀዶ ጥገና ተቀየረለት፣ በ2005 ቱር ላይ ነበር። ቱር ያቆመው በ2022 ነው፣ በዚሁ ሕመም ምክንያት። ከባንዱ ጋር ፍርድ ቤት ደረሱ፣ እሱን እንለፈው። በ2024፣ በ72 ዓመቱ፣ የራሱን የመጀመሪያ አልበም አወጣ። አትሽጠው!

የሰበታዋ ፊዚዮ
የሚክን ዕጣ እንደ ራስህ ዕጣ አትየው ወንድሜ። እሱ ወጣት እያለ የዛሬዎቹ መድኃኒቶች አልነበሩም፤ አከርካሪው የሚጣበቀው ደግሞ በሁሉም ታማሚ ላይ አይደለም። በዚህ በሽታ እንቅስቃሴ መድኃኒት ነው፣ ጎብጦ መቀመጥ ጠላት። አልጋ ጫፍ ላይ ታጥፎ ልምምድ ይቅር። ማንገቻውን አሳጥረህ ጊታሩን ወደ ደረትህ ከፍ አድርገው፣ አንገትህን ሰብረህ ጣትህን እንዳታይ። ማንገቻው ሰፊ ይሁን። ግማሽ ሰዓት ተጫውተህ ተነስ፣ ጀርባህን ግድግዳ ላይ ለጥፈህ ቁም፣ ተንጠራራ። ሲጋራ ካለ አቁም፣ ሕመሙን ያባብሰዋል። ዓይንህ ቀልቶ ካመመህና ብርሃን ካስጠላህ ግን ሳታድር ሐኪም ጋ ሂድ፣ ከዚሁ በሽታ ጋር የሚመጣ ነገር ነው።

ባቲ ሚነር
ካሴት ሰብሳቢ ያለው ልክ ነው፣ ግን አንድ ነገር ዘለለ። ሚክ በሕመሙ የተነሳ የማስታገሻ ሱስ ውስጥ ገብቶ ነበር፣ ከ2004 በፊት ሰውነቱ እንዳልሆነ ሆኖ ነበር። ጀግና ነው ብለን ብቻ ብናወራለት ይሄ ልጅ ሕመሙን ውጦ መጫወት ያለበት ይመስለዋል። ሲያምህ አቁም።

ለጣትህ ደግሞ ይሄን ሞክር። የብሉዝ ሚነር ፔንታቶኒክ (ባለ አምስት ኖታ ቅኝት) እና የኛ ባቲ ሚነር ኖታቸው አንድ ነው። አንድ ድምፅ ዝቅ አድርገህ ቃኝና ባቲውን በስላይድ ቀስ እያልክ ሂድበት፣ የሚክን መንገድ በራስህ ጆሮ ታገኘዋለህ። ሮክ እዚህ አይሆንም የሚልህ ካለ የጃኖ ባንድን የ2012 "ኤርታሌ" አስደምጠው።

የኮዬው ጊታሪስት
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። አይሸጥም። እህቴ፣ ያልሽውን እንቅስቃሴ ጠዋት ከሥራ በፊት ልሥራው ወይስ ማታ ከልምምዱ ጋር?

የሰበታዋ ፊዚዮ
ጠዋት፣ ሙቅ ውኃ ወገብህ ላይ ካፈሰስክ በኋላ። ማታም ከመተኛትህ በፊት ትንሽ ድገመው።