የሪሌይ ሲሙሌሽን፦ የስህተት መጠኑ ከ30 ዲሲቤል በኋላ ለምን አይወርድም?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ለማስተርስ ጥናቴ አንድ ላኪ፣ አንድ ሪሌይና አንድ ተቀባይ ያለው የትብብር ገመድ አልባ ኔትወርክ በማትላብ እየሠራሁ ነው። ሪሌዩ የደረሰውን ቢት ፈትቶ እንደገና ይልካል፤ ተቀባዩም በቀጥታ የመጣውንና በሪሌዩ በኩል የደረሰውን አዳምሮ ይወስናል። ሞዱሌሽኑ ቢፒኤስኬ (በአንድ ምልክት አንድ ቢት የሚልክ) ሲሆን፣ ሦስቱም መስመሮች እኩል አማካይ ኃይል ያላቸው የራይሌይ ቻናሎች (የሲግናሉ ጥንካሬ በዘፈቀደ የሚዋዥቅባቸው) ናቸው፤ የቻናል ግምቱን የስህተት ቫሪያንስ (ግምቱ ከእውነተኛው ቻናል የሚርቅበትን መጠን) 0.01 አድርጌዋለሁ። ኃይሉ 10 ዲሲቤል በጨመረ ቁጥር ስህተቱ በመቶ እጥፍ ይቀንሳል ብዬ ስጠብቅ፣ ግራፉ ከ30 ዲሲቤል በኋላ 0.001 አካባቢ ላይ ተኝቶ ቀረ። ሦስት ቀን ሙሉ ኮዱን መስመር በመስመር ብፈትሽም ያገኘሁት ስህተት የለም። የሳትኩት ነገር ምን ይሆን?

መልስ 1

ኮድዎ ትክክል ይመስለኛል። ያልተገመተው የቻናል ክፍል ለተቀባዩ ኖይዝ (ረብሻ) ነው፤ ይህ ኖይዝ ደግሞ ከላኪው ኃይል ጋር አብሮ ስለሚያድግ፣ ቫሪያንሱ 0.01 ላይ እስከታሰረ ድረስ የሲግናልና የኖይዝ ጥምርታ የቱንም ያህል ኃይል ቢጨምሩ ከ99፣ ማለትም ከ20 ዲሲቤል ገደማ፣ አያልፍም። በዚህ ጥምርታ ከላኪ ወደ ሪሌይ ያለው መስመር 0.0025 ያህል ይሳሳታል። ሪሌዩ የተሳሳተ ቢት ሲልክ ተቀባዩ ከሁለቱ ሲግናሎች የበረታውን ስለሚከተል ከሁለት አንድ ጊዜ አብሮ ይሳሳታል፤ ግማሹን ቢወስዱ 0.00125 ያገኛሉ፤ ግራፍዎ የተኛውም እዚያው ነው።

በመሣሪያ ላይ ግን ግምቱ የሚገኘው ከፓይለት (ተቀባዩ አስቀድሞ ከሚያውቀው ሲግናል) ስለሆነ ኃይል ሲጨምር ግምቱም አብሮ ይጠራል። በአንድ ፓይለት ብቻ ቢገምቱ እንኳ የሚያጡት 3 ዲሲቤል ያህል ነው። ስለዚህ ቫሪያንሱ ጥምርታው ሲያድግ እንዲቀንስ ያድርጉ።

መልስ 2

ስሌቱ ትክክል ነው፤ ሆኖም ቫሪያንሱን ማስተካከል ብቻውን የጠበቁትን የመቶ እጥፍ ቅናሽ አያመጣም። ሪሌዩ ትክክሉንም ስህተቱንም ሳይለይ እስከላከ ድረስ ቅናሹ አሥር እጥፍ ብቻ ነው። ወይ ሪሌዩ በሲአርሲ (ስህተት መኖሩን በሚያሳይ የማረጋገጫ ኮድ) አረጋግጦ የተሳሳተውን ይተው፣ ወይ ተቀባዩ ለሪሌዩ ሲግናል የሚሰጠውን ክብደት ከሁለቱ የሪሌይ መስመሮች በደካማው ልክ ይወስን።

ተቀባዩ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ ሌላ ወለል (ስህተቱ ከዚያ በታች የማይወርድበት ገደብ) አለ። በ2.4 ጊጋኸርዝ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና የዶፕለር ፍሪኩዌንሲው (እንቅስቃሴው የሚያመጣው የፍሪኩዌንሲ ለውጥ) 133 ኸርዝ ነው፤ ግምቱ በ1 ሚሊሰከንድ ቢያረጅ ከእውነተኛው ቻናል ጋር ያለው ቁርኝት ወደ 0.83 ይወርዳል፣ ጥምርታውም ከ2.25 ገደማ አያልፍም። ይህን ፓይለት በማዘውተር እንጂ ኃይል በመጨመር አይፈቱትም።

ጠያቂ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቫሪያንሱን ከጥምርታው ጋር ካያያዝኩት በኋላ ወለሉ ጠፋ፤ ቅናሹም እንደተባለው አሥር እጥፍ ሆነ። አሁን ሲአርሲውን እየጨመርኩ ነው።